አስም «በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የሚያነሣው ጉዳይ ከእናንተው የመጣ ነው። እዚህ ካኩማ ንፋሱና አቧራው ሲበረታ በየክፍሉ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይበዛል። ያን ጊዜ ለእኛ ለመምህራን የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሁልጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛው «አስም ይተላለፋል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «አስም በዘር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ በክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። ደወል ተደውሎ ስንወጣ ጠጋ ይሉና «ቲቸር፣ አስም ያለባትን ልጅ ማግባት ለሚወለዱት ልጆች አይከፋም?» ይሉናል።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንጨርሰው። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ዴስክ መቀመጥ፣ በአንድ ትሪ መብላት፣ በአንድ ኩባያ መጠጣት አስም አያስይዝም። ሰዎች ከቲቢ ጋር የሚያደባልቁት ሁለቱም ሳል ስላላቸው ነው። ቲቢ በተሕዋስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ስለሆነ፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ሁሉ ክሊኒክ ሄዶ መመርመር አለበት። አስም እንዳለበት ታውቆ መድኃኒት የያዘን ተማሪ ግን ለብቻው ጥግ ላይ ማስቀመጥ ልጁን ከማሳፈር በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋሉ። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን የጀመርነውን ዩኒቨርሲቲ ሳንጨርስ የተሰደድን ነን፤ ላቦራቶሪም የለንም። ቢሆንም ነገሩ በጠመኔና በሰሌዳ ሊገባ የሚችል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አለርጂ የሚያስነሣው አስም እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሰውነታችን ጠላቱን የሚለይባቸው ፀረ እንግዳ አካላት አሉት። ከእነርሱ አንዱ አይ-ጂ-ኢ ይባላል። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ አሜሪካ ሆነው በ1966 አሳወቁት፤ በዚያው ሰሞን የስዊድን ተመራማሪዎችም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። አይ-ጂ-ኢ በተለይ ትላትልን ለመዋጋት እንደሚጠቅመን ይታመናል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ምንም ጉዳት በሌለው ነገር ላይ ይዘምታል፦ በአበባ ብናኝ፣ በበረሮ ኩስ፣ ከድመት ቆዳ በሚረግፍ ቅንጣት፣ በአቧራ ውስጥ በሚኖሩ በዓይን በማይታዩ ተባዮች ላይ። እኛ ጋ ደግሞ በየአጥሩ የበቀለው ማቴንጌ አለ፤ የአበባው ብናኝ አለርጂ ከሚያስነሡት አንዱ ነው።

አይ-ጂ-ኢው በአየር ቧንቧችን ግድግዳ ውስጥ ባሉት ማስት ሴሎች ላይ ተለጥፎ እንደ ዘበኛ ይጠብቃል። ያ ብናኝ ተመልሶ ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ከዚያ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይበዛል። ቧንቧው ጠበበ ማለት ነው። ጤነኛ የሆናችሁ ተማሪዎች ይህን ለማወቅ የቢክ እስክሪብቶ ቀለሙን አውጥታችሁ፣ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ፣ በባዶው ቀፎ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ተንፍሱ። አስም ያለባችሁ ግን አትሞክሩት። እናንተ ነገሩን ከማናችንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ያው አቧራ በአንድ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ እየነካ፣ ሦስቱን ብቻ ለምን ያፍናል? ዘረመል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የአካላችን መመሪያ በዲኤንኤ ላይ በአራት ፊደላት ተጽፎአል፤ ርዝመቱም ሦስት ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። የማንኛውም ሰው ጽሑፍ ከመደበኛው ማነጻጸሪያ ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን በሚሆኑ ቦታዎች ይለያል። ብዙ ይመስላል፤ ከሦስት ቢሊዮኑ ጋር ሲተያይ ግን ከሺህ ፊደል አንድ ሁለት ብቻ ነው። ከልዩነቶቹም አብዛኞቹ ምንም አያመጡም። «ሠራ» ብላችሁ በንጉሡ ሠ ብትጽፉትና «ሰራ» ብላችሁ በእሳቱ ሰ ብትጽፉት አንባቢው የሚረዳው አንድ ነው፤ የአማርኛ መምህሩ ቢቆጣም። አንዳንዱ ለውጥ ግን «መጣ» የነበረውን «መታ» ያደርገዋል። አንድ ፊደል ብቻ ተለውጦ ነገሩ ሌላ ሆነ።

ሦስተኛም ዓይነት ለውጥ አለ። ለአስም ይበልጥ የሚያስፈልገንም እርሱ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ድምፁ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበት ነው። ሬዲዮ አስቡ። ጣቢያው ያው፣ ዜናው ያው ነው፤ ቁልፉን ያዞረው ሰው ግን ድምፁን አብዝቶታል። ከአስም ጋር ከተያያዙት የዘረመል ልዩነቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ፕሮቲኑን አያበላሹትም፣ መጠኑን ነው ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት።

የባዮሎጂ መምህራን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ተማሪዎቻችን የሜንዴልን አተር ከተማሩ በኋላ ለሁሉም ነገር አራት ማዕዘን ሠርተው «አስም ያለበት አባት በትልቁ ፊደል፣ የሌለባት እናት በትንሹ ፊደል» ብለው ማስላት ይወዳሉ። ለሲክል ሴል የደም ማነስ ይሠራል፤ ምክንያቱም እርሱ ከአንድ ዘረመል ለውጥ የሚመጣ ነው። ለአስም ግን አይሠራም። እስካሁን ከአስም ጋር የተያያዙት የዲኤንኤ ቦታዎች ከመቶ በላይ ሆነዋል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ደግሞ ትንሽ ነው። አንዱ ብቻውን ሰው አያሳምምም።

ዘር ድርሻ እንዳለው እንዴት ታወቀ? በመንትዮች ነው። አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ያላቸው መንትዮችና እንደ ተራ እህትማማች ወይም ወንድማማች የሆኑ መንትዮች ሲወዳደሩ፣ አንዱ አስም ሲኖርበት ሌላውም የሚኖርበት ዕድል በአንድ ዓይነቶቹ ላይ ከፍ ይላል። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎች በሰዎች መካከል ላለው የአስም ልዩነት የውርስ ድርሻ ከ35 እስከ 95 በመቶ ነው ይላሉ፤ ብዙዎቹ ግምቶች በ60 አካባቢ ናቸው። ነገር ግን ሌላውንም ጎን እዩት። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ካላቸው መንትዮች አንዱ አስመኛ ሆኖ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘር ብቻውን የሚወስን ቢሆን ይህ ባልታየ ነበር።

ስለ ውርስ ካነሣን አንድ የደሴት ታሪክ እንንገራችሁ። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ ከአፍሪካም ከደቡብ አሜሪካም እጅግ ርቃ የምትገኝ ትሪስታን ዳ ኩኛ የምትባል ደሴት አለች። በ1816 የእንግሊዝ ጦር ሰፈረባት፤ ጦሩ ሲወጣ ዊልያም ግላስ የሚባል ወታደር ከቤተሰቡና ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ቀረ። በኋላ መርከብ የተሰበረባቸውና ሌሎችም ተጨመሩ። ዛሬ በደሴቲቱ ያሉት ጥቂት መቶ ሰዎች የዘር ሐረጋቸው ወደ አሥራ አምስት ከሚሆኑ መሥራቾች ይመዘዛል። በ1961 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነዋሪዎቹ በሙሉ በመርከብ ተጭነው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። አብዛኞቹ በ1963 ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። (ሁለት ዓመት ብቻ! እኛ እዚህ ስንት ዓመት እንደሆነን ለምታውቁ ያስቀናል።)

ከካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኖኤ ዛሜል የተባሉ ሐኪም በ1993 ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ደሴቲቱ ተጉዘው ነዋሪዎቹን መረመሩ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ አስም ወይም የአስም ምልክት አገኙ። ይህ በዓለም ከታዩት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጥቂቶቹ አስም እንደነበረባቸው ይነገራል። ሰው በአነስተኛ ቁጥር ተነጥሎ ሲኖርና እርስ በርሱ ሲጋባ፣ መሥራቾቹ ይዘውት የመጡት የዘረመል ልዩነት በልጅ ልጆቻቸው ላይ ይበዛል። ባዮሎጂው ይህን «የመሥራቾች ውጤት» ይለዋል።

ዘመኑ ሲሻሻል የአንድ ደሴት ሳይሆን የብዙ ሺህ ሰዎችን ዲኤንኤ በአንድ ጊዜ ማነጻጸር ተቻለ። በ2007 የታተመው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የአስም ጥናት በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቦታ አመለከተ፤ እዚያ ካሉት ዘረመሎች አንዱ ኦአርኤምዲኤል3 ይባላል። በዚህ ቦታ የአስም ስጋት የሚያመጣው ፊደል ያለው ሰው ከዚህ ዘረመል የሚወጣው መጠን ከፍ ይላል። የሬዲዮው ቁልፍ ያልነው ይህ ነው። በ2010 ከ10,000 በላይ አስመኞችንና ከ16,000 በላይ አስም የሌለባቸውን ሰዎች ያነጻጸረ ሌላ ጥናት ይህን ቦታ በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር አገናኘው፤ እንደ ኢንተርሉኪን 33 ያሉ ሌሎች ቦታዎችንም ጨመረ። ከዚሁ ጥናት ያስገረመን ነገር አለ። አይ-ጂ-ኢን ከፍ የሚያደርጉት ዘረመሎችና አስምን የሚያመጡት ዘረመሎች በአብዛኛው የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ማለትም አለርጂ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሳንባው ራሱ የሚቆጣ መሆን አለበት።

ስለ ቆዳም አንድ ነገር እንጨምር። ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን የቆዳችንን ግድግዳ እንደ ምርጊት አጥብቆ ይይዛል። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ሲጎድል ግድግዳው ይሳሳል፣ የአለርጂ ቅንጣት ይገባል፣ ልጁ በመጀመሪያ ችፌ ከዚያም አስም ሊይዘው ይችላል። ይህ በ2006 ሲታወቅ ከመቶ አውሮፓውያን ዘጠኝ ያህሉ ጉድለቱን እንደሚሸከሙ ተነገረ። በ2011 የወጣ ጥናት ግን ችፌ ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሲመረምር በአውሮፓ የተለመዱትን ጉድለቶች አላገኘባቸውም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ዓይነት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ፒዋይኤችአይኤን1 በሚባል ዘረመል ላይ በአፍሪካ ተወላጆች ብቻ የታየ የአስም ግንኙነት አገኘ። የዘረመል ምርምር አብዛኛው የተሠራው በአውሮፓ ተወላጆች ላይ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የዲኤንኤ ልዩነት ያለው ግን በአፍሪካ ነው። የእኛ ሰዎች አስም ገና በደንብ አልተነበበም ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ አንድ ብልህ ተማሪ «ይህ ልዩነት ጎጂ ከሆነ ለምን ከሰው ዘር አልጠፋም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከመልሶቹ አንዱ በሆዳችን ውስጥ ነው። አይ-ጂ-ኢ ትል ይዋጋል ብለናል። በ2005 በማሊ በዶጎን ሕዝብ መካከል የተሠራ ጥናት፣ ኢንተርሉኪን 13 በሚባለው የመከላከያ መልእክተኛ ዘረመል ላይ ያለው ልዩነት አንድ ሰው በቢልሃርዚያ ምን ያህል እንደሚጠቃ ከሚወስኑት አንዱ መሆኑን አሳየ። ይኸው ዘረመል በሌላ አገር ከአስም ጋር የተያያዘ ነው። ለአያቶቻችን ከትል ያዳነ ንቃት፣ ትሉ በሌለበት ቦታ በአበባ ብናኝ ላይ ይነሣል ማለት ነው።

የጅማን ነገር ማንሣት ያለብን እዚህ ነው። በ1997 በታተመ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። አስምና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በግልጽ በዝቶ ተገኘ። ሰዉ ያው የአንድ አካባቢ ሰው ነው፤ የተለየው አኗኗሩ ነው። በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ በመንጠቆ ትል ብዙ የተያዙ ሰዎች ላይ ይህ ትንፋሽ ያነሰ መሆኑን አሳየ።

ይህን ስንናገር ግን «እንግዲያው የትል ክኒኑን ልተወው» የሚል እንዳይኖር። በእንግሊዝ አገር አስመኞች ሆን ተብሎ የመንጠቆ ትል ተሰጥቷቸው ነበር፤ በ2010 የታተመው ውጤት አስማቸው በሚጨበጥ መልኩ እንዳልተሻለ ነው። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል፣ በትምህርት ያደክማል። ክኒኑ ሲታደል ዋጡ።

ዘርና አኗኗር እንዴት እንደሚገናኙ ከሁሉ አጥርቶ ያሳየን በ2016 የታተመው የአሚሾችና የሁተራይቶች ጥናት ነው። ሁለቱም ከመካከለኛው አውሮፓ በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱ፣ ዛሬ በአሜሪካ በእርሻ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ናቸው። የዘር አመጣጣቸው ተቀራራቢ ነው። ምግባቸው ይመሳሰላል፣ ቴሌቪዥንም አያዩም። ልዩነታቸው በእርሻው ላይ ነው። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ላሞቹ ከቤቱ አጠገብ ናቸው፤ ልጆቹ በጋጣው ውስጥ ይውላሉ። ሁተራይቶች በትላልቅ ማሽን ያርሳሉ፤ ከብቶቹ ከመኖሪያው የራቁ ናቸው። ከአሚሽ ተማሪዎች አስም ያለባቸው 5 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከሁተራይቶቹ 21 በመቶ ያህል ነበሩ። ከየቤቱ አቧራ ሲጠረግ በአሚሾቹ አቧራ ውስጥ ከተሕዋስያን ግድግዳ የሚወጣው ኢንዶቶክሲን የሚባለው ነገር ወደ ሰባት እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ሁለቱን አቧራ ለአይጦች ሲሰጧቸው የአሚሾቹ አቧራ አይጦቹን ከአስም መሰል ሕመም ጠበቃቸው፤ የሁተራይቶቹ ግን አልጠበቀም።

ይህ ማለት ግን የካኩማ አቧራ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም! የጋጣ አቧራና ከደረቀ መሬት ተነሥቶ የጉሮሮን ግድግዳ የሚፍቅ አቧራ ለየቅል ናቸው። በተቃራኒው በ2008 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በ17ኛው ክሮሞዞም ያለው ስጋት በሕፃንነታቸው የሲጋራ ጢስ ባሸተቱት ላይ ይበልጥ እንደሚበረታ አሳይቷል። ጥናቱ በሲጋራ ላይ ነው፤ ነገር ግን የማገዶና የከሰል ጢስም የአየር ቧንቧን እንደሚያስቆጣ የታወቀ ነው። በጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጂኮ አንድዶ በሩን መዝጋት፣ በቡናው ላይ እጣኑን ማብዛት (እናቶቻችን ይቅር ይበሉን) አስም ላለበት ልጅ ከባድ ነው። እጣኑ ውጭ ቢጨስ ቡናው አይከፋም።

ወደ «ዘር» እንመለስ። ቃሉ በአማርኛችን ብዙ ይሸከማል፦ የእህል ዘር፣ የቤተሰብ ዘር፣ ብሔረሰብም ዘር ይባላል። ብዙዎቻችን ከቤታችን የወጣነው በዚህ ቃል ምክንያት ነው። ስለዚህ «የእነ እገሌ ዘር አስመኛ ነው» የሚለው አነጋገር በካምፕ ውስጥ ሲሰማ ዝም ብለን አናልፈውም። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው ሳይንቲስት በ1972 እንዳሳየው ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው። ስለ አስም ውርስ ስንናገር የምንናገረው ስለ እናት፣ አባትና ልጅ እንጂ ስለ ብሔር አይደለም።

ስለ ጋብቻውም መልሳችን ይኸው ነው። አስም ያለበት ወላጅ ልጅ ስጋቱ ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል፤ ይህን አንደብቅም። ሆኖም አስም ካለባቸው ወላጆች ጤነኛ ልጆች ይወለዳሉ፤ ምንም አስም ከሌለባቸውም አስመኛ ይወለዳል። ከመቶ በላይ ትናንሽ ልዩነቶች እንደ ካርታ ተበውዘው ነው የሚታደሉት፤ እኛም ሁላችን ጥቂቶቹን ይዘናል። ልጁ አስም ይያዘው አይያዘው አስቀድሞ የሚናገር፣ ሐኪሞች በሥራ ላይ ያዋሉት የዘረመል ምርመራ የለም። አንዲትን ልጅ በዚህ ምክንያት «አትሆነኝም» ማለት በሳይንስ ስም የሚደረግ በደል ነው።

ለመምህራን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን እናክል። አስም ያለበትን ተማሪ ከሰሌዳው ሥርና ንፋስ ከሚያስገባው መስኮት አርቃችሁ አስቀምጡት። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጥፉ። ከስፖርት አታስወጡት፤ ሐኪሙ ከፈቀደለት ቀስ ብሎ ሰውነቱን አሙቆ ይሩጥ፣ ፓፉ ግን በኪሱ ይሁን። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለው እውነት አይደለም። ሰማያዊው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፣ እብጠቱን ግን አያድንም። ለዚህ ነው ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞል ብቻውን እንዳይሆንና እብጠት የሚቀንሰው የሚሳብ መድኃኒት እንዲጨመር የሚመክረው። ክሊኒክ ስትሄዱ ስለዚህኛው ጠይቁ።

ትንንሽ ልጆች ፓፉን ሲነፉት መድኃኒቱ ምላስ ላይ ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ በ1999 የታተመ ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ማለትም ተራ ሃይላንድ፣ ከፋብሪካ ከሚመጣው መሣሪያ እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱን በሳሙና ውኃ እጠቡትና ሳታለቀልቁ፣ ውስጡን በጨርቅም ሳትነኩ፣ በንፋስ ይድረቅ። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፤ ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን በማጣበቂያ ዝጉት። ፓፉን ናጡት፤ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ ይያዝ፤ አንድ ጊዜ ንፉና አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ይተንፍስ። ከዚያ ሁለተኛው ይቀጥላል።

ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ መናገር ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላስታገሰው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ቁጭ አድርጉት፣ አታስተኙት፤ አንድ ሰው ፓፉን እየደጋገመ ይስጠው፣ ሌላው ወደ ክሊኒክ የሚያደርሰውን ይጥራ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ልጁ ከደከመ ተሽሎት ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ አየሩ መግባት አቁሞ ሊሆን ይችላል።